«እምቦጭ ልታበዪን ነው እንዴ?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 27 ዓመቴ ነው፤ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ። ደቡብ ኮሪያ ሁለት ዓመት ተምሬ በቅርቡ ተመለስኩ። እዚያ ሳለሁ የባሕር አረም መብላት ለመድኩ። መጀመሪያ ደስ አላለኝም ነበር፤ በኋላ ግን ያለሱ ሩዝ አልወርድልሽ አለኝ። ስመጣ የሻንጣዬን ግማሽ በሱ ሞላሁት።

ቅዳሜ ዕለት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት አወጣሁት። ማዳበሪያ እንደማይፈልግ፣ መሬት እንደማይሻማ፣ የወደፊቱ ምግብ እሱ እንደሆነ አስረዳሁ። እናቴ አነሳችው፣ አሸተተችውና «እምቦጭ ልታበዪን ነው እንዴ?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ለዶሮዎቹ ሰጠችው። ዶሮዎቹም አልበሉትም።

እናቴ እንቅርት አለባት፣ ኪኒን ትወስዳለች። የባሕር አረም አዮዲን ስላለው ይበጃታል ብዬ አስባለሁ። ጓደኛዬ «ፈጭተሽ ሽሮዋ ውስጥ ደባልቂላት፣ አታውቅም» ትለኛለች። ከዚችው ጓደኛዬ ጋር ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ቤት ከፍተን በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ ልንሸጥም ነው። ያጠራቀምናት ብር አለች። ሰዉ ይበላልናል? ወይስ እናቴ ናት ልክ?

ግራ የገባት፣ ከደሴ

መልስ

አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ስቄ፣ አንዴ ደንግጬ። ያሳቁኝ ዶሮዎቹ ናቸው። ያስደነገጠኝ ሽሮው ነው።

ከሽሮው ልጀምር። አታድርጊው። ጓደኛሽ በጎ አስባ ይሆናል፣ ምክሯ ግን ሰው ይጎዳል።

አዮዲን ለእንቅርት ይበጃል የሚባለው ከሥሩ ውሸት አይደለም። አዮዲን ያነሰው ሰው አንገቱ ላይ ያለችው ዕጢ፣ ታይሮይድ የሚሏት፣ ስትለፋ ታብጣለች። አዮዲን ራሱ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 በርናርድ ኩርቷ የሚባል ፈረንሳዊ የባሕር አረም አመድ ሲያቀነባብር ነው። እስከዚህ ልክ ነሽ። ግን እንቅርት ሁሉ ከአዮዲን ማነስ አይመጣም። ዕጢዋ ከልክ በላይ የምትሠራባት ሴትም አንገቷ ያብጣል። እናትሽ የምትውጠው ኪኒን የትኛው እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ብትጽፊልኝም እኔ ሐኪም አይደለሁም።

መጠኑን ደግሞ እዪው። ለአንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃዋል። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ኮሪያዎቹ ዳሺማ፣ ጃፓኖቹ ኮምቡ የሚሉት ወፍራሙ ዓይነት አለ። ከሱ አንድ ግራም ብቻ የአሥር ቀን አዮዲን ወይም ከዚያ በላይ ሊይዝ ይችላል። ሩዝ የሚጠቀለልበት ስሱ ጊም ውስጥ ያለው በጣም ያነሰ ነው። አንቺ ሽሮው ውስጥ የምትጨምሪው የትኛውን ነው? ስንት ማንኪያ? የታመመች ዕጢ ድንገት ብዙ አዮዲን ሲመጣባት ወይ ያለ ልክ ልትሠራ፣ ወይ ሥራዋን ልትቀንስ ትችላለች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል እንሰማለን እንጂ እንዲህ ቃል በቃል የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው።

የሚሻለውን ልንገርሽ። ፓኬቱን ይዘሽ ኪኒኑን ወዳዘዘላት ሐኪም ሂጂ፤ እሱ ይወስን። ለተቀረው ቤተሰብ ደግሞ አዮዲኑ ጨው ውስጥ አለ። እስከ 1990 ዓ.ም የምንበላው ጨው በብዛት ከቀይ ባሕር ዳርቻ ነበር የሚመጣው። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋና ፊታችንን አፋር ውስጥ ወዳለው አፍዴራ አዞርን። ጨው ሁሉ አዮዲን ይግባበት የሚለው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም ነው። አዮዲን ያለበት የሚል የታሸገ ጨው ግዢ። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጪው። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው፣ አዮዲን ሙቀት አይወድም። ይኼው ነው። በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ስንት ጊዜ የጨው መኪና ሲያልፍ አይተሻል? ባሕሩ ወደኛ የሚመጣው በዚያ ነው።

ስለ መደበቁ አንድ ነገር ልጨምር። የእናትሽ ቤት የጾም ይሁን የሐላል አልነገርሽኝም። ሁለቱም ቢሆን ግን በሰው ሳህን ላይ ሳይነገረው ነገር አይጨመርም። አንዳንዱ የተቀመመ የባሕር አረም የሽሪምፕ ዱቄት ወይም የዓሣ መረቅ አለበት። አንዳንዱ ሚሪን የሚሉት የሩዝ ወይን ገብቶበታል። ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ሳታነቢ ለማንም እንዳታቀርቢ። እናትሽ አንድ ቀን ብትደርስበት ደግሞ የባሕር አረሙን ብቻ አይደለም የምትተወው፤ አንቺ የሠራሽውን ሽሮ ትተዋለች። እኔ ብሆን እተዋለሁ።

አሁን ወደ እምቦጩ።

እናትሽ ቀልዳ ብቻ አልመሰለኝም። አንቺ ራስሽ «አረም» ብለሽ አቀረብሽላት። አረም ለገበሬ ልጅ ምንድነው? የሚነቀል፣ የሚጣል። ከዚያ ላይ ስለ ጣና በየዜናው የምትሰማው እምቦጭ አለ፤ በውሃ ላይ ያለ አረም ሲባል ሌላ ምን ይመጣባታል? በዝምድና ግን አይገናኙም። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ጨው በሌለው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል ነው። የባሕር አረም አበባ የለውም፣ እውነተኛ ሥርም የለውም። ትምህርት ቤት ዋቅላሚ ብለው ያስተማሩን ወገን ነው። ይኼን ለእናትሽ መተንተን አይጠበቅብሽም። ስሙን ብቻ ቀይሪው። የባሕር ቅጠል በዪው። ወይም በቃ ጊም።

ከስሙ በታች ግን ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል። እናትሽ ስንት ዓመቷ ነው? ስልሳ ገደማ ከሆነች የ66ቱን በልጅነቷ፣ የ77ቱን ደግሞ አፍላ ወጣት ሆና አይታለች። ወሎ ውስጥ። እኔ በ77 ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አያቴ ሳማ በጨርቅ ይዛ ስትለቅም ትዝ ይለኛል። እኛ ቤት እህል ጨርሶ አልጠፋም፤ በሳማ ነበር የሚበረክተው። ሳማ ቀቅለሽ፣ አሽተሽ፣ ትንሽ ዱቄት ነስንሰሽበት ስትበይው ይጥማል። በሰላሙ ጊዜም በጾም ይበላል። ግን የዚያን ጊዜ ሰው ስለ ሳማ ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚመልሰው። ቅጠልና ሥራሥር መልቀም የክፉ ቀን ነገር ነበር። ስንት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለች እናት ፊት ቆመሽ «የወደፊቱ ምግብ ይኼ አረም ነው» ስትያት ምን የሰማች ይመስልሻል? አንቺ ስለ ነገ ተናገርሽ፣ እሷ ትናንትን ሰማች። ኋላቀር ሆና እንዳይመስልሽ። ልጄ ከውጭ አገር ተምራ መጥታ ያመጣችልኝ አረም ነው ብትል አልፈርድባትም።

ደግሞ ሰው አዲስ ምግብ መፍራቱ የኛ አመል ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ሥጋ አጠረ። መንግሥት ሰዉ ልብ፣ ኩላሊትና የመሳሰለውን የሆድ ዕቃ እንዲበላ ፈለገ። (ሰዎቹ ዱለት ቢቀምሱ ኖሮ መካሪም ባላስፈለጋቸው።) ኩርት ሌዊን የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር የቤት እመቤቶችን በቡድን በቡድን ከፋፈለ። ለአንዳንዶቹ ባለሙያ ቆሞ ጥሩ ንግግር አደረገላቸው፤ ስለ ቫይታሚኑ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ አገር። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው እንዲወያዩበትና ራሳቸው እንዲወስኑ ተደረገ። በኋላ ቤታቸው ሲጠየቁ፣ ንግግር ከሰሙት ከመቶ ሦስቱ ብቻ ሠርተው አቅርበዋል። ከተወያዩት ግን ከመቶ 32ቱ።

ቅዳሜ ዕለት አንቺ ያደረግሽው ንግግር ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ሌላ ቀን ቡና አፍዪ። ስለ ምድር አንዲት ቃል አታውጪ። ጊሙን በመቀስ ቆራርጠሽ ከቆሎው አጠገብ በትንሽ ሳህን አስቀምጪው። ጨው ያለው፣ የተቆላ፣ አፍ ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ነው፤ ከኛ ምግብ የሚቀርበው ለቡና ቁርስ እንጂ ለወጥ አይደለም። ሽሮ ላይ፣ ፍርፍር ላይ አታድርጊው፤ ሁለቱንም ታበላሺያለሽ። ማንንም ቅመሱ ብለሽ አትለምኚ። አንቺ ብዪ። ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ ሞልቷል፤ አንዷ ጎረቤት እጇን መስደዷ አይቀርም። «ምንድነው?» ስትልሽ ስለ አራስ ንገሪያት።

አዎ፣ ስለ አራስ። ሁለት ዓመት ኮሪያ ስትኖሪ ይኼን ሳታዪ አትቀሪም። እዚያ ሴት ስትወልድ የሚቀርብላት ሚዮክ የሚሉት የባሕር ቅጠል ሾርባ ነው። እኛ ገንፎና አጥሚት እንደምናቀርበው። ልጁም ካደገ በኋላ በየዓመቱ ልደቱ ሲደርስ ያንኑ ሾርባ ይበላል። እናቱ ስትወልደው የበላችውን መሆኑ ነው። ይኼን ቡና ላይ ብታነሺው ስለ መሬትና ስለ ማዳበሪያ ካወራሽው ሁሉ በላይ ይሰማል። አራስ ጠይቃ የማታውቅ ሴት ሰኞ ገበያ ውስጥ የለችም። ይሙለጨለጫል ካሉሽም ተልባስ በያቸው።

ከዚያ በኋላ እናትሽ አልቀምስም ካለች አልቀመሰችም። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ የተባለው ደሃ ሀብታም ሳይል ሰውን ሁሉ ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። የማይጠየፈው ሰውን ነው። ምግብ መምረጥ ግን የእንግዳው ነው።

«እናቴ ናት ልክ?» ላልሽው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ላስከፋሽ ነው። ስለ ባሕር ቅጠሉ የነገርሻቸው እውነት ነው። መሬት አይፈልግም፣ መስኖ አይፈልግም፣ ማዳበሪያ አይፈልግም። ዓለም በዓመት 35 ሚሊዮን ቶን ገደማ ከነውሃው ያመርታል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከእስያ ነው፣ አብዛኛውም ተዘርቶ የሚታጨድ ነው። ጃፓኖች ጊሙን፣ እነሱ ኖሪ ይሉታል፣ ለዘመናት ሲያለሙት ዘሩ ከየት እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። አንዱ ዓመት ይሞላል፣ አንዱ ዓመት ይጠፋል። የቁማርተኛ ሣር ይሉት ነበር። በበልግ ዝናብ ተስፋ የሚያርስ የወሎ ደገኛ ይኼ ስም በደንብ ይገባዋል። ምስጢሩን እ.ኤ.አ. በ1949 ያገኘችው ካትሊን ድሩ ቤከር የምትባል እንግሊዛዊት ናት፤ በጋውን የባሕር ዛጎል ውስጥ ተደብቆ ነበር የሚከርመው። ገበሬዎቹ ሐውልት አቆሙላት። ቅርባችን ዛንዚባር ደግሞ ሴቶች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው፣ ገመድ ላይ አስረው እያለሙ ይሸጣሉ። እነሱ ብዙም አይበሉትም፤ ውጭ ሄዶ አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ማወፈሪያ ነው የሚሆነው። እናትሽ አይስክሬም ከቀመሰች ምናልባት የባሕር ቅጠል ቀምሳለች። (ይኼን ለክርክር እንዳታውዪው።)

ግን ይኼ ሁሉ የሚያምረው ባሕር ዳር ላለ ሰው ነው። ያንቺ ጊም ከኮሪያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ደሴ ወጥቶ፣ ለዶሮ ተሰጠ። ለምድር አሳቢነቱ እዚያ ላይ አለቀ። ለደሴ ሰው ምድርን የማይጎዳ ምግብ ጓዳው ውስጥ ነው ያለው። ምስር፣ ጓያው ሳይቀር፣ ሽሮ፣ ሳማ፣ ሐይቅ ከተማ ሄደን የምንበላው ዓሣ። ጊምሽን ስለሚጥምሽ ብዪው። ጥሩ ምክንያት ነው፣ ሌላ አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ኮምቦልቻው ቤት። ብሩን አታውጡ። ገና ነው።

ሰዉ አይበላም አላልኩም። ኮምቦልቻ ሞቅ ያለች ከተማ ናት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ አለ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ተማሪ አለ፣ የኮሪያ ድራማ በስልኩ የሚያይ ወጣት ሞልቷል። የመጀመሪያ ቀን ወረፋ ይኖራል። ግን ለመሳቅና ፎቶ ለመነሳት የገዛው ሌላ ነው፣ ርቦት የገዛው ሌላ ነው። እኔ የምፈራላችሁ ሁለተኛውን ሳምንት ነው። ስለዚህ ቤት ሳትከራዩ ለአንድ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ በትንሹ ሞክሩት። ሃያ ጥቅል ሥሩ። ማን እንደገዛ ሳይሆን ማን ተመልሶ እንደመጣ መዝግቡ። ከሃያው አምስት ሰው በራሱ ብር ሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ያኔ እንደገና ጻፊልኝ።

ውስጡን የኛ አድርጉት። ሩዙ ላይ ሰሊጥ፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ቃሪያ። በጾም ቀን እንቁላሉን አውጥታችሁ ጎመን አስገቡ፣ ለብቻውም ይሠራ። ሰሌዳው ላይ «የወደፊቱ ምግብ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። «በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ» በቂ ነው። ሰው ምሳውን ነው የሚፈልገው። ከዚህም ሌላ፣ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ትሞቃለች፤ የበሰለ ሩዝ ሲውል ሆድ ያበላሻል። ጠዋት የሠራችሁትን ከሰዓት አትሽጡ። አንድ ሰው ሆዱን ካመመው ሩዙን አይደለም የሚከሰው፣ አረሙን ነው።

ትልቁ ጥያቄ ጊሙን ከየት ታመጡታላችሁ የሚለው ነው። ሻንጣ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ያለውን ዋጋ ጠይቁ፣ አንድ ጥቅል ስንት እንደሚያወጣባችሁ በወረቀት አስሉ። ከአንድ ጥሩ በያይነት ዋጋ ከበለጠ እኔ ራሴ በያይነቱን ነው የምበላው። ጓደኛሽን ደግሞ በሽሮው ጉዳይ እንደማትስማሚ አሁኑኑ ንገሪያት። ደንበኛ ሳያውቅ ምግቡ ውስጥ ነገር መደባለቅ ቀላል ከመሰላት አብረሽ ምግብ ቤት ከመክፈትሽ በፊት ብታውቂው ይሻላል።

የተረፈሽን ጊም ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ጣሳ ውስጥ አድርጊው። የደሴን ጉም ታውቂዋለሽ፣ አንድ ሌሊት ክፍት ካደረ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። ከለሰለሰ አትጣዪው፤ ለስለስ ባለ እሳት ምጣድ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ አገላብጪው፣ ይመለሳል።

እናትሽን ደግሞ አንድ ቀን ብቻዋን ስታገኚያት ስለ ሳማ ጠይቂያት። እንዴት እንደሚለቀም፣ ስንት ጊዜ እንደሚታሽ፣ ምን እንደሚጨመርበት። ደብተር ይዘሽ ቁጭ በይ። እኔ አያቴን ሳልጠይቃት አለፈች። ትንሽ ዱቄት መሆኑን አውቃለሁ፤ የገብስ ይሁን የማሽላ ግን አላውቅም። ካወቅሽ ላኪልኝ።